ሟች የላከችው ብር

ማክሰኞ

ጫልቱ ሞተች። ጠዋት ላሟን አልባ፣ ወተቱን ለደንበኞቿ አከፋፍላ፣ «ደረቴን ወጋኝ» ብላ ጋደም አለች። ስምንት ሰዓት ላይ ስገባ ቀዝቅዛለች።

መጀመሪያ የመጣብኝን እጽፈዋለሁ፤ ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። መጀመሪያ የመጣብኝ ብሬ ነው።

ጫልቱ አከራዬ ናት። እዚህ ቡራዩ፣ ግቢዋ ውስጥ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። የስደተኛ መታወቂያዬ ጊዜው ሲያልፍ ባንኩ ሂሳቤን አገደው። «አሳድሺና ነይ» አሉኝ። ብመላለስ ብመላለስ አልታደሰልኝም። ያኔ ጫልቱ «በኔ ስም ይግባ፣ ምን ችግር አለው» አለች። እህቴ ከካናዳ የምትልከው ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሷ ሂሳብ ገባ። መቶ ሰማንያ ሺህ ብር። ለጉዞዬ ነው። እህቴ ጋ የምሄድበት ፈቃድ መጥቷል፤ ከአገር የመውጫ ክፍያውና ትኬቱ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ያልፋል።

ወረቀት አልተፈራረምንም። ምስክር የለም። የምናውቀው እሷና እኔ ነበርን።

አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት። አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። አሥር ዓመቴ ላይ አባቴ «ኤርትራዊ ነህ» ተብሎ ከነቤተሰቡ ከአገር ሲወጣ ገንዘቡን ለጎረቤት አደራ ሰጠ። አስመራ ሆኖ እስኪሞት ጠበቀ። ጎረቤቱ አንድ ደብዳቤ እንኳ አልመለሰም። እኔ ተመልሼ ስመጣ በተወለድኩበት አገር የውጭ ዜጋ ሆንኩ።

የጫልቱ አንድ ልጅ ለሊሴ ከሱሉልታ ደረሰች፤ እዚያ አስተማሪ ናት። «ሃርሜ ኮ! ሃርሜ ኮ!» ብላ በኦሮምኛ እናቷን እየጠራች መሬት ላይ ወደቀች። ትንሽ ሲመለስላት የእናቷን ስልክ እጄ ላይ አደረገች። «ኤልሲ፣ ዘመድ ሲደውል አንቺ መልሺ። እኔ አልችልም።»

ጫልቱ ማንበብ አትችልም ነበር። የባንኩን ሥራ በስልኳ የምሠራላት እኔ ነኝ። የሚስጥር ቁጥሩን አውቀዋለሁ።

ረቡዕ

ቀበርናት።

ባንክ ሰው መሞቱን ከሰማ ሂሳቡን ያግደዋል። ከዚያ ፍርድ ቤት ወራሽ እስኪያጣራ መጠበቅ ነው። ስንት ወር? አላውቅም። ከወሩ መጨረሻ እንደሚያልፍ ግን አውቃለሁ።

ጠዋት ቀብር ሳንወጣ አስፋልቱ ዳር ያለው ባለሱቅ ጀማል ጋ ሄድኩ። «እህቴ ብር ልትልክልኝ ነው፣ በአንተ ሂሳብ ይግባልኝ» አልኩት። «ችግር የለም» ብሎ ቁጥሩን ጻፈልኝ። አላንገራገረም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና በጫልቱ ስልክ ብሩን መላክ ጀመርኩ። ቁጥሩን አስገብቼ ልጨርስ ስል ስልኩ ጠራ፤ ሁሉም ጠፋ። ተጂ ከተማ ያለችው የለሊሴ አክስት ናት።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ጮኸች። ጩኸቷን እስክትጨርስ ጠበቅኩ፤ እስክትዘጋ ማለቴ ነው። እንደገና ጀመርኩ። አሁንም ተደወለ። በሦስተኛው ሄደልኝ፣ መቶ ሺህ። ባንኩ በቀን ከዚያ በላይ አልልክም አለ።

አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ስልኩ ላይ አቀርቅሬ ስታየኝ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። «አይዞሽ እህቴ። በጣም ትወድሽ ነበር።»

ከዚያ ለሊሴ መጣችና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። «እማዬ ባንክ ስንት እንዳላት ታውቂያለሽ? እድር ከሚሰጠው በላይ ወጪ ሆኗል።»

«አላውቅም» አልኩ።

ከአጎቷ ተበደረች።

ሐሙስ

ቀሪው ሰማንያ ሺህ ሄደ። ሰው ምሳ ሲበላ። የጫልቱን የራሷን፣ ሃያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር፣ አልነካሁም። አንድም ብር። ጊደር የሸጠችበት ነው። ስልኩን ለለሊሴ መለስኩና ሰዉ የበላበትን ሳህን አጠብኩ። ንጹሕ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ዓርብ

ጀማል ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። «ላኪ፦ ጫልቱ» ይላል።

«ረቡዕ የቀበርናት ጫልቱ ናት?»

«ብሩን ስጠኝ» አልኩት።

«ሐሙስም ልካለች። ተቀብራ ካደረች በኋላ።»

ብሩ የኔ ነው አልኩት። ከሥር ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና፣ «ያንቺ ሊሆን ይችላል። አልበላብሽም። ልጇ ሳታውቅ ግን አልሰጥሽም» አለ።

ሱቁ ሰው ሞልቶታል። «ሌባ!» አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ። «አንተም እንደነሱ ሌባ ነህ!» እነሱ ያልኩት እነማንን እንደሆነ አላውቅም። የሚመዝነውን ስኳር መዝኖ ጨረሰ። ቀና ብሎም አላየኝ።

ቅዳሜ

ይህን ሳላሳጥር ልጻፈው።

ለሊሴ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሌ መጣች። አልጋዬ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ኤልሲ፣ ለቅሶው ፋታ አልሰጠኝም እንጂ ቶሎ ልነግርሽ ነበር። እማዬ ሰኞ ዕለት ደውላልኝ ነበር። ደረቷን ስላመማት ፈርታለች። ‹አንድ ነገር ብሆን ባንክ ያለው የኤልሳ ነው፤ የኔ ጊደሯን የሸጥኩበት ብቻ ነው፤ እንዳትነኪባት› አለችኝ። ፍርድ ቤቱ ይቆያል አሉ። ጉዞሽ እንዳያልፍ ከመምህራን ብድርና ቁጠባ ተበድሬ እሰጥሻለሁ። ጠይቄያለሁ፣ እሺ ብለውኛል።»

መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ጉንጯን ሳምኳት።

አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ጀማል የእድሩን ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹን ይዞ ግቢ ገባ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አየሁ። ስልኩን ሰጣት። አነበበች። ቀኑን አየች፣ ሰዓቱን አየች።

«ያንቺን ብቻ ነው የወሰድኩት» አልኳት። «የእናትሽን አልነካሁም፣ ቁጠሪው!»

«ብሩን አይደለም የማየው» አለች። «ሰዓቱን ነው። ስምንት ሰዓት ከሃያ። የተጂዋ አክስቴ ደውላ የጮኸችበት ሰዓት ነው።»

ያንቺን ማለቴን አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት። የኔን ልል ነበር።

ሰኞ

ጀማል ከባንክ አውጥቶ ኦቦ ገመቹ ፊት ቆጠረልኝ። አልጎደለም። ስለ ዓርቡ ይቅርታ ልጠይቀው ስል ሰላም ሳይለኝ ወጣ።

«ብርሽ ነው፣ ውሰጂ» አሉኝ ኦቦ ገመቹ። «ግቢውን ግን ዛሬ ልቀቂ።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ቢታገሱኝ? ኪራዩን ከፍያለሁ።»

የወሩን ኪራይ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ዛሬ።»

ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ፣ ምድጃ፣ ሁለት ድስት። ለብቻዬ ጫንኩ። አራት ዓመት እንዴት አደርሽ ያሉኝ ሴቶች በር በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ።

ረቡዕ፣ ሰበታ

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል። ብሩን በነጠላ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አስሬዋለሁ። ሽንት ቤት ስሄድም። ባንክ አልችል፣ ሰው አላምን። አሁንማ የሚያምነኝም የለ። አከራይዋ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲህ እንቁላል ትሰጠኛለች። እበላዋለሁ።

ዓርብ

ከፈልኩ። የመውጫውንም፣ ትኬቱንም። ደረሰኙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በረጅሙ ተነፈስኩ። ሆዴ ባዶ ሆኖ ቀለለኝ።

ለለሊሴ ደወልኩ። አታነሳም ብዬ ነበር፤ አነሳች።

«ከፈልኩ። ልሄድ ነው» አልኩ።

ከበስተጀርባዋ ተማሪዎች ሲጯጯሁ ይሰማል።

«እማዬን ስንቀብር አልቅሰሻል?»

«አላለቀስኩም።»

«አውቃለሁ። አይቼሻለሁ።» ዘጋችው።

ክፍሌ ገብቼ ለማልቀስ ሞከርኩ። ጫልቱን አሰብኳት፤ እጇን፣ ሳቋን፣ «ምን ችግር አለው» ስትል። አልመጣልኝም። ነገ ለጉዞ ሰነዱ ፎቶ እነሳለሁ። ዓይኔ ባያብጥ ይሻላል።