የአክስቴ አሞናይቶችና የጋሼ ብሩሽ ቁጥሮች

አክስታችን ከአባታቸው ከድንጋይ ማውጫው የሚዛን ተቆጣጣሪና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከኖራ ድንጋይ ማውጫው አጥር ጋር የተጠጋ ነበርና፣ ፍንዳታ በተሰማ ቁጥር ከጣሪያው አቧራ ሳህን ላይ ይወርድ ነበር። ከአምስት ልጆች ሁለተኛዋ ናቸው። ከእሳቸው ቀጥለው የተወለዱት ወንድማቸው፣ ገና በልጅነታቸው የጎረቤቱን በር ሁሉ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀለም ስለቀቡ ጋሼ ብሩሽ የተባሉት፣ ዛሬ እዚህ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኋላ የሚነሱ ስለሆነ ከወዲሁ ላስተዋውቃችሁ ብዬ ነው።

የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟች ተግባቢ፣ ሁሉን አቃፊና ሳቂታ ነበሩ ማለት የተለመደ ነው። እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ እሳቸው ቤት ነው ያደግኩት። እንዲህ ብዬ ብዋሽ ከሬሳ ሳጥኑ ተነስተው ይቆጡኛል። አክስታችን ሁሉ ነገር የሚቀፋቸው ሰው ነበሩ። የአውቶብስ መያዣ በባዶ እጃቸው ነክተው አያውቁም። ሲያኝክ የሚሰማ ሰው ካለ ሳህናቸውን ይዘው ማድ ቤት ይገባሉ። እንዲህ ያሉት ሴት መተዳደሪያቸው የሰው አፍ ነበር።

በ1950 ዓ.ም. ትምህርት ጀምረው በ1962 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። ከዚያም የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና ወስደው በ1964 ዓ.ም. በከተማው ሆስፒታል የጥርስ ክፍል በሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪነት ተቀጠሩ። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ከዚያች መስኮት አልባ የጓሮ ክፍል ንቅንቅ አላሉም። ክፍሏ ጄሶና የተቃጠለ ፕላስቲክ ትሸታለች። መደርደሪያው ላይ ድድ ብቻ የቀራቸው ሰዎች የአፍ ቅርጽ በጄሶ ተቀርጾ ተደርድሯል፤ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ምሳ አይበላም። እሳቸው ግን ጓንታቸውን አጥልቀው ይሠራሉ፤ ራሳቸው የሠሩትን ጥርስ ከዓመታት በኋላ ቢያመጡላቸው እንኳ የመቦርቦሪያቸውን ምልክት አይተው የማን እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ከድንጋይ ማውጫው የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ትዳር መሥርተው፣ ዛሬ ፋርማሲስት የሆነውን አንድ ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

የሕይወታቸው ትልቁ ነገር የተጀመረው በመጸየፍ ነው። በ1969 ዓ.ም. የፍንዳታ ሠራተኞቹ አለቃ ጥርስ ሊያሠሩ መጥተው፣ ለምስጋና ብለው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡ። ሲፈቱት እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ ጭቃ የለበሰ ድንጋይ ነው። አክስታችን የሞተ ነገር መስሏቸው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው "ጌታው፣ ይሄን ነገር ከፊቴ ያንሱልኝ" አሏቸው። ሰውየው አልተቀየሙም፤ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቀ ይዘው መጡ። ውስጡ ክፍል ክፍል ሆኖ ታየ፤ ክፍሎቹን የሚለዩት ግድግዳዎች ከቅርፊቱ ጋር የሚገናኙበት መስመር እንደ ጎመን ቅጠል ጠርዝ ተጠማዟል። አክስታችን ጓንታቸውን አጠለቁ። የጥርስ መቦርቦሪያቸውን አነሱ። የዚያን ቀን የሚቀጥለው ታካሚ ውጭ ተቀምጦ ሲያዛጋ ዋለ።

ሙዚየም ገብቶ ለማያውቅ ሐዘንተኛ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። አሞናይት የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነ፣ ቅርፊቱን ተሸክሞ ባሕር ውስጥ ይዋኝ የነበረ እንስሳ ነው፤ ዳይኖሰሮች በጠፉበት ዘመን አብሮ ጠፍቷል። ለሳይንስ የሚጠቅመው ስለሚያምር አይደለም። መልኩ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ስለነበርና በብዙ ባሕሮች ስለተሰራጨ፣ አንደኛው ዓይነት የሚገኝበት የድንጋይ ንብርብር ከሌላው በዕድሜ ይለያል። በአንድ አገር ያለ ድንጋይ ከሌላ አገር ድንጋይ ጋር እኩያ መሆኑ የሚታወቀው በእነዚህ ነው። ታዲያ አሞናይቱ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ይህ ሁሉ ቀረ ማለት ነው። የሚያምር ድንጋይ ነው፤ ወረቀት እንዳይበር ይጫኑበታል፣ በቃ።

አክስታችን ይህን ከመጽሐፍ ተምረው በቀሪ ዘመናቸው አልለቀቁትም። በዕረፍት ቀናቸው ባለቤታቸው በጭነት መኪናው ማውጫው ድረስ ያደርሷቸዋል። ተቆርጦ እንደ ግንብ የቆመውን ድንጋይ ከሥሩ ጀምረው እየለኩ፣ ከየንብርብሩ ያወጡትን በነጭ ቀለም ነካ አድርገው፣ ነጩ ላይ የንብርብሩን ቁጥር በቀጭን ብሩሽ ይጽፋሉ። ቤቱ በድንጋይ ሞላ። የመታጠቢያ ገንዳው ጭቃ በሚለቁ ድንጋዮች ስለተያዘ ባለቤታቸው እናታቸው ቤት እየሄዱ ነበር የሚታጠቡት፤ ሚስቴን በሞተ ኦክቶፐስ ተቀማሁ እያሉ ይስቁም ነበር። እኔን ግን አያስቀኝም፤ የዚያ ጭቃ ሽታ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል።

አንድ የቅርሳቅርስ ነጋዴ፣ የተሰበሩ አሞናይቶች በጄሶና በድድ ፕላስቲክ እንዲሞሉለት ፈልጎ እስከ ጓሮ ክፍሏ ድረስ ዘለቀ። ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ሴት እንዴት እንቢ ትላለች ብሎ ነው። አክስታችን "የጎደለ ጥርስ የምሞላው ሰው እንዲያኝክበት ነው፤ ይሄ ምን ሊያኝክ ነው?" ብለው በሩን አሳዩት። የተቀመጠበትንም ወንበር በአልኮል ወለወሉት።

በ1998 ዓ.ም. ማውጫው ተዘጋ። ጉድጓዱ በቆሻሻ ተሞልቶ ዛሬ ላዩ ላይ ሰው ቤት ሠርቶ ይኖራል። ከዚያ ግንብ ንብርብር በንብርብር የተሰበሰበ ነገር ያላቸው አክስታችን ብቻ ሆኑ። ባለቤታቸው በ2008 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ቤቱ ጭር ቢልባቸውም የድንጋዮቹን ሥራ አላቋረጡም። በ2014 ዓ.ም. ከሙዚየም አንዲት ባለሙያ መጥታ አየች፤ እያንዳንዱ ከነንብርብር ቁጥሩ ከሆነ ስብስቡን ሙዚየሙ ይረከባል አለች። አክስታችን ያን ቀን ሲደሰቱ አየኋቸው፤ እንግዳዋን ጨበጧት፣ ያውም ያለ ጓንት።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የሳንባ ሕመም ጠንቶባቸው ሆስፒታል ተኙ። ከዚህ በኋላ ያለውን እያጸየፈኝ ነው የምጽፈው። ጋሼ ብሩሽ፣ እህቴ ስትመለስ ቤቷ ደስ ይበላት ብለው ከሚስታቸው ጋር ገቡ። ግድግዳውን ቀቡ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? ድንጋዮቹን በሙሉ ከየሳጥናቸው አውጥተው፣ የመታጠቢያ ቤት ማጽጃ አሲድ እያፈሰሱ ፈተጓቸው። የኖራ ድንጋይ በአሲድ! ጭቃውም፣ ቁጥሩም፣ ከቅጠል የሚያምረው መስመርም አብሮ ሄደ። ከዚያ የበር ቫርኒሽ ቀብተው ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደሯቸው። የንብርብሩ ነገር እንዲህ ተበላሸ።

አክስታችን ተመልሰው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። ሁሉም ምርቃት ይጠብቃል። ቤቱ በቫርኒሽ ሽታ ታፍኗል፤ ድንጋዮቹ የተላሰ ከረሜላ መስለዋል። ድንጋዮቹን ካዩ በኋላ ወንድማቸውን "ሂድ፣ እጅህን ታጠብ" አሏቸው። ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

በማግስቱ ግን ተነስተው የምግብ ጠረጴዛው ላይ አጉሊ መነጽራቸውን ተከሉ። እያንዳንዱን ከድንጋዩ ያላቀቁት በገዛ መቦርቦሪያቸው ነውና፣ አሲዱ ያልበላው የመሣሪያ ምልክት ሲያገኙ የትኛው እንደሆነ ያስታውሳሉ፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን እንደገና ይጽፉበታል። ትንሽ የተጠራጠሩትን ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ይጥሉታል። ሳፋው ሲሞላ ልጃቸው ጭንቅ ብሎት "እማዬ፣ ከመሰለሽ ጻፊውና ይለቅልሽ" ቢላቸው "መስሎኝ ለማንም ጥርስ ሠርቼ አላውቅም" አሉት። ኦክስጅኑን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ አንዱን ድንጋይ ከሰዓቱን ሙሉ ሲያገላብጡ ውለው ሳፋው ውስጥ ሲያስቀምጡት አይቻለሁ። ያ የሚያደክም ሥራ ነው የጨረሳቸው፤ ሐኪሙ ሳንባ ነው ቢልም እኔ አልሰማውም።

አክስታችን ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። በራሳቸው እጅ ቁጥር የጻፉባቸው ድንጋዮች ሁለት ሳጥን ሞሉ። ሳፋው እንዳለ ቀረ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት፣ ቤቱ በሐዘንተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ጋሼ ብሩሽ ሳፋውን ወደ ሳሎን ጎትተው ነጭ ቀለም ከፈቱ። እያለቀሱ ነው፤ ይህን አልክድም። በሰው ሁሉ ፊት፣ አንዱን ድንጋይ እያነሱ ቁጥር ይጽፉበት ጀመር። ቁጥሩን ከየት አመጡት ስላቸው "አንቺ ልጅ፣ ምን አለበት? ሙሉ ሆኖ ይሂድላት" አሉኝ። ተቀማጩም ሁሉ አንጀቱ ተበልቶ ወንድም ማለት እንዲህ ነው አለ። አንዷ ጎረቤት እንዲያውም ድንጋይ ታቀብላቸው ነበር። ተነስቼ ወጣሁ።

ቤተሰቡ በዚህ ወረቀት ላይ እንዳሰፍረው የሰጠኝ ዓረፍተ ነገር "ሙሉ ስብስባቸውን ለሙዚየም አበርክተዋል" የሚል ነበር። አላሰፈርኩትም። የሙዚየሙ ባለሙያ እዚህ ከእኛ ጋር ናት፤ ስለዚህ እንድትሰማው ጮክ ብዬ አነባለሁ። የአክስታችን ስጦታ ሁለት ሳጥን ነው። ሦስተኛ ሳጥን ቢሰጡሽ፣ እህቴ፣ ውስጡ ያለው ቁጥር ውሸት ነው፤ አትቀበያቸው። ከሁለቱ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ላይ ከገባ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ለይተው ያውቁት የነበሩት ሰው አሁን ሳጥን ውስጥ ተኝተዋል።

አክስታችን ልጃቸውን፣ እህቶቻቸውን፣ የእህቶቻቸውን ልጆችና ወንድማቸውን ጋሼ ብሩሽን ትተው ሄደዋል። ጋሼ ከእኔ ጋር ላይነጋገሩ ይችላሉ፤ እህታቸውን ይወዱ እንደነበር ግን እመሰክራለሁ። ለሁላችንም ፈጣሪ ጽናቱን ይስጠን፤ የአክስታችንንም ነፍስ ንጹሕ በሆነ ቦታ ያሳርፍልን።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሳፋውን በሩ ጋ አስቀምጬዋለሁ፤ ስትወጡ የወደዳችሁትን ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱ። ያምራሉ፤ መስኮት ላይ ይቀመጣሉ። ቁጥር ተጽፎባቸው ታያላችሁ፤ አትመኑት። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አናውቅም በሉ።