የኋላ ወንበር የሌለው ጄት

አባባ፣ ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ በሩን አንኳኩቶ ይግባ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣሉ ወይስ አሁንም ሐኪሙ ላይ ያሾፉበታል? የእማማስ ስኳር ወረደላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

«አውሮፕላናችሁ ተቀይሮ ወንበር ካጣህ ምን ትጠብቃለህ? ጋራዡ ያንተ ነው፣ ና» ብለው የላኩብኝ ደርሶኛል። አዛዡም ወይ መሬት ላይ ሥራ ወይ ተሰናበት፣ እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገረኝ ብሎኛል። መልሴን ከማሳወቄ በፊት ግን ያየሁትን ልንገርዎ፤ ካልነገርኩዎ ያፍነኛል።

እኔ የምቀመጠው ከኋላ ነበር፤ «ረዳት ነህ እንጂ ምኑን አብራሪ ሆንክ» እያሉ እርስዎ የሳቁብኝ ሳቅ አይረሳኝም! በመጀመሪያዎቹ ጄቶች ዘመን ረዳትም አልነበረም። አንድ ሰው፣ ፍጥነትና መትረየስ፤ በቃ፣ ዐይን ያየውን አሳዶ መተኮስ ነው። ቀጥሎ ራዳርና ሚሳይል መጣ፤ ሥራውም ተከፋፈለ። ሰማይ ጠባቂው ሌላ፣ ቦምብ ጣዩ ሌላ፣ ፎቶ አንሺው ሌላ፤ የጭነት መኪና ጭነት፣ የሰው መኪና ሰው እንደሚጭነው። ራዳሩ ፋታ አልሰጥ ሲል ከኋላ ሰው ተጨመረ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አይደል? የእኛው ደግሞ ጠዋት ሰማይ ጠብቆ ከሰዓት መሬት የሚመታ ሁለገብ ነው። ከፊት ጭጭ የምንለው አብራሪ ያበራል፣ ከኋላ እኔ እለፈልፋለሁ፤ እንዲህ ሆነን አሥር ዓመት ኖርን።

አዲሱ ግን ጉድ ነው አባባ! ራዳር እንዳያየው ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሚሳይሉን እንኳ ሆዱ ውስጥ ደብቆ ነው የሚዞረው። በእጄ ዳሰስኩት፤ አንዲት ብሎን ብቅ አላለችበትም። እኔ ከየስክሪኑ ለቃቅሜ ለጭጭ የምነግረውን እሱ ራሱ አዋህዶ የራስ ቁሩ መስታወት ላይ ያሳየዋል። ያየውንም አይሰስትም፤ ለሌሎቹ አውሮፕላኖችም ለምድርም ያካፍላል። ድሮ ሥራው መተኮስ ነበር፤ አሁን ቀድሞ ማየትና ማሳየት ሆኗል። እየዞርኩ ደጋግሜ አየሁት፤ ወዲያው ደግሞ ሆድ ባሰኝ። ይህን ሁሉ የሠሩ ሰዎች ለእኔ አንዲት በርጩማ ማስቀመጥ አቃታቸው?

ትናንት ጭጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞት ወጣ። እኔ መቆጣጠሪያ ክፍል ማዳመጫ አጥልቄ ስክሪን ፊት ተቀምጫለሁ። ሽቅብ ወጥቶ እጥፍ ሲል ቴክኒሻኖቹ በጭብጨባ ጣራውን ነቀነቁት። ከዚያ በሬዲዮ፣ አዛዡ እየሰማ፣ ጭጭ ሆዬ «በግራ ያለው ማነው?» ብሎ የኋላውን ሰው ጠየቀ። ከኋላው ያለው ብረት ብቻ ነው! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ አፌ ለምዶበት «የራሳችን ነው፣ ቀጥል» አልኩት። ለካ እሱ የሚያየው ሁሉ እኔም ፊት ተዘርግቷል! እሱም ምንም እንዳልተፈጠረ «እሺ» አለኝ፤ የቀረውን በረራ እንደ ወትሯችን እየተነጋገርን ጨረስነው።

ሲወርድ ላቡን እየጠረገ መጣና፣ አውሮፕላኑ ሁሉን ያውቃል፣ ስሳሳት ግን አይቆጣኝም አለኝ። ከዚያ አፍ ይህን ያህል ንግግር ሰምቼ አላውቅም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ዓርብን አልጠበቅኩም አባባ፤ እዚያው ለአዛዡ መሬት ላይ እሠራለሁ አልኩት። እንደሚከፋዎት አውቃለሁ፤ ለእኔ ብለው ስንት የጋራዥ ገዢ መልሰዋል። ቢቆጡኝም እውነትዎን ነው፤ ግን አልመጣም።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ። ትንሹን ወንድሜን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው ናፍቆሃል ይበሉት። አጎቴንና ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም ይበሉልኝ። እህቴን ግን ደጋግመው ይሳሙልኝ። እኔን በር በር እያዩ ሲጠብቁ፣ ከጎንዎ ሞተር ስትፈታና ስትገጥም የኖረች እሷ ናት። አንድ ቀን «የእኔስ?» ብላ አልጠየቀችዎትም። የጋራዡን ቁልፍ ለእሷ ይስጧት።

ልጅዎ
ከማኮብኮቢያው ዳር፣ ረቡዕ፣ ሰኔ 4 ቀን