በሹፌር ኢቃማ ኪያር የሚረጨው ሙባረክ

ለተከበሩ የአትክልት ልማትና ተባይ መከላከል ማሠልጠኛ ማዕከል ኃላፊ
ጅዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ፤ በተለይ ሆድዎ ደህና መሆኑን ከልብ እመኛለሁ። በጅዳና በመካ መካከል ባለው፣ መዝረዓ በምንለው እርሻችን ስለ መድኃኒት አረጫጨት ለሰጡን የአምስት ቀን ሥልጠና ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ጥቂት ነገር እንዳነሳ ይፍቀዱልኝ።

1. በጅዳው ጉለይል ሠፈር አንድ ክፍል የምንጋራው ሙባረክ ዘጠኝ ዓመት ኪያር ላይ መድኃኒት ሲረጭ ኖሯል። በመጀመሪያው ቀን ለመሠልጠን ቢሰለፍ፣ ጸሐፊዎ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ አገላብጠው «ሚህናህ፣ የተመዘገብክበት ሙያ፣ የቤት ሹፌር ነው፤ ሥልጠናው ለገበሬ ነው» አሉት። መሪ ጨብጦ እንደማያውቅ፣ ዋስ ሆኖ የሚያሠራው ካፊሉ በተገኘው ቪዛ እንዳስመጣው ቢያስረዳም ሕግ አክባሪው ቢሮዎ አልተበገረም። በእሱ ወንበር የተቀመጠው የካፊላችን የእህት ልጅ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሄዷል፤ ግሪንሃውሱ ይሞቃል ብሎ አንድም ቀን አልገባበትም።

2. ኪያሩን የሚያጠቃው ነጭ ዝንብ የምስክር ወረቀት አይጠይቅም። ስለዚህ ሙባረክ በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን አፉን በሻርፕ አስሮ፣ ለሥልጠናው ያመጡትን አዲሱን መድኃኒት ረጨ። አብረው የመጡት ማስክና መነጽር ፎቶ ከተነሱ በኋላ በክብር ወደ ካርቶናቸው ተመልሰዋል።

3. ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ አረብኛና እንግሊዝኛ ነው። ሙባረክ አረብኛ ይናገራል እንጂ አያነብም። አሠልጣኝዎን ምን እንደሚል ብንጠይቃቸው የሚያነብ ሰው እንድንፈልግ መከሩን። ምክሩ ጠቃሚ በመሆኑ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌዋለሁ፤ እርስዎም የሚያነብልዎ ሰው ይፈልጉ።

ሙባረክ ከረጨ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ዓይኑ ብርሃን ስለማይችል መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ተኝቷል። ያየው ሐኪም ሁለት ወር የተባይ መድኃኒት እንዳይነካ አዘዘው፤ ካፊሉ ደግሞ እሑድ ካልረጨ ወደ አገሩ መልሶ ሌላ ሹፌር እንደሚያስመጣ ነገረው። እሑድ እረጫለሁ ይላል፤ ቤተሰቡ የሚኖረው በእሱ ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። ከእሑድ በፊት ለካፊላችን ይደውሉና የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ይርጭ ይበሉት። እርስዎን ይሰማል፤ ፎቶዎን ቢሮው ሰቅሏል።

የሥልጠናዎ ጥላ ከሩቅ የደረሰኝ፣
በሚህናዬ የግመል እረኛ፣ በሥራዬ ኪያር ለቃሚ፣
ኡስማን

ድኅረ ጽሑፍ፦ መካ ዑተይቢያ ሠፈር ያደገችው የአክስቴ ልጅ አዚዛ የጠርሙሱን ፎቶ ትናንት አነበበችልኝ። ከተረጨ ሰባት ቀን ሳይሞላው አይለቀም ይላል። በምረቃው ግብዣ ላይ ሁለት ጊዜ ያስጨመሩትን የኪያር ሰላጣ እኔ ነኝ የለቀምኩት፤ ሙባረክ በረጨ በሦስተኛው ቀን። ጤናዎን አስቀድሜ የጠየቅሁት ስለዚህ ነው።