ደም ብዛት ማለት ደም በዛ ማለት ነው እንዴ?

ለተከበሩ ጓድ የመድኃኒት ቤት ምርመራ ሥልጠና ኃላፊ፣

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀትና ወባ ቢሮዎ ድረስ እንደማይደፍሩ ስለማውቅ ደህንነትዎን አልጠራጠርም። እኔ ተሰማ በላይ የሆቴል አስተናጋጅ ነኝ። ይህን በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬን ሕዝብ ሁሉ እንዲያነበው ብዬ ነው።

አንደኛ፣ በሦስት ቀን ሥልጠና ሐኪም ስላወጡልን እናመሰግናለን። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ባለቤቴ ፈለቀች ደከመኝ ብላ መድኃኒት ቤት ብትሄድ፣ ሠልጣኝዎ ጓድ ካሳሁን መለኪያውን ከእነ ጋቢዋ ክንዷ ላይ ጠምጥሞ «ደም ብዛት አለባት» ሲል በማኅተም አረጋገጠ። በዚያ ሐሩር ጋቢ ለብሳ ለምን እንደምትንቀጠቀጥ አልጠየቀም።

ሁለተኛ፣ የበዛ ነገር ይቀነሳል በሚለው ጥበቡ፣ በዋግምት ደሟ ይቀነስ ብሎ ጻፈ። ዋግምት የሚያደርጉት እትዬ አሰገደች፣ ምስክር ወረቀት የሌላቸው ምስኪን፣ የዐይኗን ሽፋን ገለብ አድርገው አይተው፣ እንኳን የሚቀነስ ለራሷም የሚበቃ ደም የላትም ብለው ደም የሚመጡበትን ቀንዳቸውን መልሰው አስቀመጡ። እኔ ሞኙ ግን ማኅተም ይዋሻል እንዴ ብዬ ለመንኳቸው። ፈለቀች የመጀመሪያው ቀንድ ሳይነሣ ራሷን ሳተች።

ሦስተኛ፣ በእህል ጭነት መኪና የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ እጇን ይዤ ስለ እርስዎ አብዝቼ ጸልያለሁ፤ ጸሎቱን እዚህ መጻፍ ግን ነውር ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ወባ ደሟን እንደጨረሰው ነገሩን። እስከ ዛሬ ተኝታለች፤ ጽንሱ ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሞቹም አያውቁም። ፈርቻለሁ ጓድ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ጓድ ካሳሁን ዘንድ ለጠብ ብሄድ የሥልጠና ደብተሩን አሳየኝ፦ የመጀመሪያው ቀን የመክፈቻ ንግግር፣ ሁለተኛው ቀን ሰላማዊ ሰልፍ፣ ሦስተኛው ቀን ምረቃ። አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። የፊታችን ሰኞ ደግሞ በዚሁ ደብተር ለቀወትና ለማጀቴ አሥራ ሁለት ሰው ሊያስመርቁ ነው አሉ። እባክዎ አንዲት ቀን ጨምረው፣ ክንድ ተገልጦ እንደሚለካ፣ ደም ብዛትም የደሙ ግፊት መብዛት እንጂ ትርፍ ደም እንዳልሆነ ያስተምሯቸው።

ውለታዎን እስክሞት የማልረሳ፣ ለማኅተምዎ እጅ የምነሣ፣ ለምስክር ወረቀትዎ ግን ክንዴን የማልሰጥ፣
ተሰማ በላይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ራስዎን ቢያምዎ በመድኃኒት ቤታችን ደጅ ሽው ብለው አዲስ አበባ መግባትዎን ሰማሁ። እግዚአብሔር ይማርዎ። ወይ እኛም እንደ እርስዎ መድኃኒት ቤቱን እንድናልፈው መኪናዎን ያውሱን፣ ወይ ጓድ ካሳሁንን ያስተምሩልን።