ሳይጠብቅ፣ ሳይላላ

ልጄ ኔዳ፣ ቅዱስ ኒኮላ በሄድሽበት ሁሉ ከለላ ይሁንሽ። እንዴት ነሽ? ብርዱን ቻልሽው? እኛ ደህና ነን። ዳኑብ ሞልቶ ነበር፣ አሁን ጎደለ። በርበሬውን ጠብሰን ጨርሰናል፤ ያንቺን ድርሻ በጠርሙስ ለይቼ አስቀምጫለሁ።

አባትሽ ከታመመ ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ስንሠራ፣ ገመዱ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ዘንጉ ላይ በክር ጠምጥመን ስናስር፣ እኔ ዘንጉን ሳዞር ክሩን በሁለት ጣቱ ወጥሮ የሚይዝልኝ እሱ እንደነበር ታውቂያለሽ። አሁን ክሩ ስለሚላላበት ቀለበቶቹ ከዘንጉ ላይ ይንሸራተታሉ። እሱ ዞር ሲል ፈትቼ እንደገና እጠመጥማለሁ።

ሳልነግረው በጣቱ ፈንታ ክሩን የሚይዝ መወጠሪያ ስፈልግ ከረምኩ። በመጨረሻ አሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ከተሰበረ የስፌት መኪና ላይ አንድ ፈታሁ፤ ክሩን በመሃላቸው የሚያሳልፉ ሁለት ክብ ብረቶች፣ ሞላና ብሎን ያለው። ግን ላሳየው ፈራሁ፤ "ከእንግዲህ አልፈልግህም" ያልኩት እንዳይመስለው ብዬ ሦስት ቀን በሽርጤ ኪስ ይዤው ዞርኩ።

ትናንት ራሱ አገኘው።

"አንቺ ሴት፣ ባል ለወጥሽ እንዴ?"

"ይሄኛው አያጉረመርምም" አልኩት።

ሳቀ። መወጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ ገጥሜ ብሞክረው ክሩን ሁለቴ በጠስኩት። አባትሽ ወንበሩን አስጠግቶ ያንን የሚንቀጠቀጥ አውራ ጣቱን ክሩ ላይ አሳረፈ። "ብሎኑን አላዪው። ትንሽ። አሁንም ትንሽ። በቃ" አለኝ። ቀለበቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ስትደውዪ ስለ እጁ አትጠይቂው፣ ልጄ። ክር ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ጠይቂው። እግዜር ሳያጠብቅብሽ፣ ሳያላላሽም ይያዝሽ።

እናትሽ ራዳ