የእናትየዋ ፎቶ ያለበት መረከቢያ ካርድ

ለሕፃናት መዋያው ኃላፊ
ቀን፦ ኅዳር 11
ጉዳዩ፦ ልጄን የምረከብበት ካርድ በእኔ ስምና ፎቶ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. ባለፈው ማክሰኞ መዝገብ ቤት ተራ ስጠብቅ ጸሐፊዋ ለባልደረባዋ፣ «ቆይ፣ እናትየዋ ምን ሆና ነው ብቅ ብላ የማትፈርመው?» ስትል ሰማሁ። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በጽሑፍ እመልሳለሁ፦ ባለቤቴ ሰኔ 4 ቀን አርፋለች። የሞት ምስክር ወረቀቷን አያይዣለሁ። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ አያይዤ ነበር።

2. የአራት ዓመት ልጃችን በመዋያው የተመዘገበው በእናቱ ካርድ ነው። በደንቡ መሠረት ልጁን የሚረከበው ፎቶው ካርዱ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ ካርዱን ለማስቀየር ደግሞ ባለካርዷ በአካል ቀርባ መፈረም አለባት። ደንቡን አልነቅፍም፤ ልጅ ለአላፊ አግዳሚ አይሰጥም። ባለቤቴ ቀርባ እንድትፈርም ፈቃድ የሚጠየቅበትን ቢሮ ግን አጥቻለሁ።

3. የቀድሞው ዘበኛ ችግሬን ስለሚያውቁ፣ «ግባ ልጄ፣ እኔ አላየሁህም» እያሉ ያሳልፉኝ ነበር። እሳቸው ጡረታ ወጡ። የተተካው ወጣት ዓይኑ ደህና ነው። ካርዱን ያያል፣ ፊቴን ያያል፣ «ጋሼ፣ ካርዱ ላይ ያሉት እኮ እርስዎ አይደሉም» ይለኛል። እውነቱን ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት የልጄ ታላቅ እህት፣ «አባዬ፣ ጢምህን ተላጭተህ የእማዬን ሻርፕ ጣል ብታደርግስ?» ብላ መክራኛለች። ምክሩን ለጊዜው በይደር አቆይቼዋለሁ።

4. በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ሥራዬ ሌላው የሳተውን ፊደል መልቀም ነው። የልጁ መረከቢያ አሥር ሰዓት ሲቃረብ ግን ዓይኔ ከወረቀቱ ወደ ግድግዳው ሰዓት፣ ከሰዓቱ ወደ በሩ ይመላለሳል። ወንበሩ እሾህ ይሆንብኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ የሠርግ መጥሪያ የሙሽራው ስም ሳይኖርበት አሳለፍኩ። ከታተመ በኋላ ያስተዋለችው ሙሽሪት ናት። አለቃዬ፣ «ልብህ የት ነው ያለው?» ብለውኛል። ልቤ እናንተ በር ላይ ነው።

5. ሰኞ ዕለት፣ እርስዎ በስልክ «ለዛሬ ይሰጠው» እስኪሉ ድረስ፣ ልጁ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ በብረት በሩ ፍርግርግ እየተያየን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመናል። የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ አድርጎ ነበር። እጄን ባሾልክም አልደረሰም። «አባዬ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ።

6. በዚያው ቀን የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ፣ ባለካርዷ እስከ ዓርብ ካልቀረበች የልጁ ቦታ ለተጠባባቂ እንደሚሰጥ ይገልጻል። ልጁን ቀን የምተውለት ዘመድ የለኝም። ቦታው ከሄደ ሥራዬም ተከትሎት ይሄዳል፤ ሁለት ልጅ ይዤ ቤት መቀመጤ ነው።

ስለሆነም ካርዱ እስከ ዓርብ በእኔ ስም እንዲቀየርልኝ አመለክታለሁ። ሁለት ጉርድ ፎቶ አያይዣለሁ። ፎቶው ላይ የተቆጣሁ ብመስል፣ ስነሳ ቸኩዬ ስለነበር ነው።

በተጨማሪም ውሳኔው በጽሑፍ ብቻ እንዲደርሰኝ፣ የእናቱ ነገርም በር ላይ ሆነ ክፍል ውስጥ ልጁ በሚሰማበት እንዳይነሣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስዎን ከበሩ ውጭ ቆሜ በመጠባበቅ፣
ከሰላምታ ጋር

የልጁ አባት
(ፊርማ)

ማስታወሻ፦ እናቱ መሞቷን ለልጁ እስካሁን አልነገርኩትም።