ብሎኬቱ ከሥሯ አላልፍ ስላላት መኪና

ባሕር ዳር፣ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.። ሰማዩ ደመና ይዟል፤ ከሐይቁ በኩል ሞቅ ያለ ነፋስ ይነፍሳል፤ ዝናቡ ግን ገና ነው። ይህ ሲጻፍ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ ሰላህ እና ከመኪናችን ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ የሚታየው መካኒካችን ሙሔ ነን።

ለተከበሩ አቶ ይትባረክ፣ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፤
ግልባጭ፦ በመለዋወጫ ሱቃችን በር ለሚያልፍ አንባቢ ሁሉ፤

አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ቁመቷ ለሚያስቀናው የመሥሪያ ቤት መኪናዎ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎን አይመምዎት፤ ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። ይህን የመጨረሻውን ከልቤ ነው የምለው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ሸሪፋ እባላለሁ። ስለ መኪና የተማርሁት የውጭ ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ የመጽሔት ቅዳጅ ስለሆነ፣ ብዙው ገጽ ግማሹ የለም። ብሳሳት፣ እርማቱ በጎደለው ግማሽ ላይ ነበር ብለው ይለፉኝ።

1. ስለ ብሎኬቱ። ባለፈው ወር ሁለት በር ያላትን አሮጌ ሴሊካችንን ለዓመታዊ ምርመራ አቀረብሁ። ባለሙያዎ ፍሬኗን፣ መብራቷንና መሪዋን መርምረው እንከን አጡባት። የቀረው ከመሬት ያላት ከፍታ ነበር፤ መለኪያ ሜትሩ ከጠፋ ስለቆየ ግን ዘበኛው ከአጥሩ ሥር ብሎኬት አንሥቶ አመጣና ከሥሯ ገፋው። ብሎኬቱ አላለፈም። ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ ብሎኬት ግን ቃሉን አያጥፍምና እንዲህ ያለ ጥንቁቅ መሥሪያ ቤት ስላለን አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ «እትዬ፣ ይቺ ምንጣፍ እንጂ መኪና አይደለችም፤ ከፍ ያድርጓትና ይምጡ» ብለው ቦሎውን ሲከለክሉኝ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ።

2. ስለ ከፍታ። በከተማችን የመኪና ክብሯ ቁመቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ለሰርግም ረጅሟ ናት ከፊት የምትሰለፈው፤ ዝቅ ያለች የያዘ ሰው ገና ያልሞላለት ይመስላል። እኔ ግን የመንዳት ደስታ ከወዲያ ማዶ ነው ባይ ነኝ። በፍጥነት አይደለም፤ ከሐይቁ ዳር እስከ ዘንዘልማ ስነዳ ከስድሳ አልፌ አላውቅም፣ ባጃጅም ይቀድመኛል። ደስታው መኪናዋ ለነጂዋ በምትነግረው ነው። ቀላልና ዝቅ ያለች፣ ሞላዋ ጠንከር ያለ መኪና መንገዱን አትደብቅም፤ መሪው ለመዳፍ፣ ወንበሩ ለወገብ ያወራል፤ ማርሹም በእጅ ሲገባ ሰው የሠራውን ያውቃል። ረጃጅሞቹን መንዳት ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ መሄድ ነው። ሶፋው ይመቻል፤ የት እንዳሉ ግን ሰው ካልነገረዎ አያውቁም።

3. ስለ ሰላህ። ባለቤቴ ይህችን መኪና ከጅቡቲ ራሱ ነድቶ ያመጣት ሰው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የስኳር በሽታ ዓይኑን ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ማለዳ እኔ እነዳለሁ፤ እሱ ከጎኔ ይቀመጣል። ዓይኑ ባያይም ወገቡ ያይለታል። «የድልድዩ መጋጠሚያ» ይላል። «አሁን አስፋልቱ የተጠገነበት ላይ ነን» ይላል። «ሸሪፋ፣ ሦስተኛ አድርጊው እንጂ፣ ሞተሩ እየለመነሽ እኮ ነው» ይላል። አንድም ቀን አልተሳሳተም። በቤት ውስጥ ጫማውን የምሰጠው፣ ውሃውን የማቀብለው እኔ ነኝ፤ በሳምንት ለአንድ ሰዓት ግን ማንም ሳይነግረው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበር።

4. ስለ ታዛዥነቴ። ትእዛዝዎን ፈጸምሁ። ሙሔ እያጉረመረመ ረጅሙን የሚኒባስ ሞላ አስተካክሎ ገጠመላትና ከፍ አለች። ብሎኬቱ አለፈ፤ ቦሎው ተለጠፈ፤ ባለሙያዎም «አሁን መኪና ሆነች» ብለው ጨበጡኝ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ሰላህን አሳፍሬ ወጣሁ። ኩርባው ላይ እንደ ታንኳ አዘነበለች፤ መሪው ዝም አለ። ሰላህ ዳሽቦርዱን ዳበሰ፤ የማርሹን ዘንግ ዳበሰ። «የማንን መኪና ነው የተዋስሽው?» አለኝ። የእኛው ናት አልሁት። ጥቂት እንደሄድን «የት ደረስን?» ብሎ ጠየቀኝ።

ክቡርነትዎ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ሲመጣ ጉልበቱን ያመዋል።

5. ስለዚህ። በቀድሞ ሞላዋ ሆና በሜትር እንድትለካልኝ፣ የብሎኬቱ ቁመት የተጻፈበትንም አንቀጽ እንዳነበው ሦስት ጊዜ አመልክቼ፣ ሦስት ጊዜ «ነገ» የሚል ቸርነት የተሞላበት መልስ አግኝቻለሁ። ነገ ግን ዓርብ ነው። እነሆ ሙሔ የቀድሞ ሞላዋን እየመለሰላት ነው። ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ እንድትወጣ ስለማይፈቀድላት፣ ሳይጠይቁኝ ቦሎዋን ልጬ፣ ታርጋዋንም ፈትቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሕግ የሚያከብር ቤተሰብ ነን።

ከመንገድ ላይ አንዲት አደገኛ መኪና፣ ከወንበሯም አንድ ዓይነ ስውር ስላወረዱልን፣ ሥራዎን ይባርክልዎ እያልሁ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ የምነሣዎ፣
ሸሪፋ፣ ከመለዋወጫ ሱቁ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ሳይላክ ስላደረ፣ ዓርብ ጠዋት ያደረግሁትን ለፋይልዎ ልጨምር። ሱብሒ ሰግደን ስናበቃ ሰላህን እጁን ይዤ መኪናዋ ውስጥ አስገባሁት። ቀበቶውን አሰርሁለት። ግቢያችን ከበሩ እስከ ጓዳው ግድግዳ አሥራ አራት ሜትር ነው፤ ለአሥራ አራት ሜትር ቦሎ የሚያስፈልግ ከሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሞተሩን አስነሣሁ፤ በአንደኛ ማርሽ እስከ ተዘጋው በር ሄጄ ቆምሁ። ሰላህ ጀርባውን ወደ ወንበሩ ለቀቅ አደረገና «ይኸውልሽ፣ መጣች» አለ። ቀጥሎም «ዛሬ ወዴት ነን?» ሲለኝ፣ «ከሐይቁ ማዶ፣ ቆላ ድባ» አልሁት። «ኧረ ሩቅ ነው! ቀስ ብለሽ ንጂ» አለኝ እየሳቀ።

እሺ ብዬ የኋላ ማርሽ አስገባሁ።